ስለ አባቴ ሥራ የጻፍሁት ጥናት

ማኔጅመንትን አልመረጥሁትም። የመጀመሪያውን ዓመት ስንጨርስ የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጽ ሰጡንና አንደኛ ሕግ፣ ሁለተኛ አካውንቲንግ ብዬ ሞላሁ። ሦስተኛው መስመር ባዶ መቅረት የለበትም ስለተባለ ብቻ ማኔጅመንት ብዬ ጻፍሁበት። ምደባው የተለጠፈ ቀን ስሜን በሕግም በአካውንቲንግም ፈልጌ አጣሁት። ያገኘሁት ከሁሉ ረጅም በሆነው ዝርዝር፣ በሦስተኛው ወረቀት ላይ ነበር።

ማታ ለአባቴ ነገርሁት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለኝ።

«ሥራ አመራር ነው፣ አባባ።»

«ማንን ነው የምትመሪው?»

«ድርጅት።»

«የማንን ድርጅት?»

እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ መልሱን አላውቀውም ነበር። አባቴ ግን በማግስቱ ለደንበኞቹ ሁሉ «ልጄ አመራር ነው የምትማር» እያለ ማውራት ጀመረ። ምን እንደሆነ ባያውቀውም ቃሉ ደስ ብሎት ነበር።

አባቴ ጀልባ ሠሪ ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ባሕር ዳር ከጣና ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር የጣውላ ጀልባ ይሠራ ነበር። አብረውት የሚሠሩት ሰው በዕድሜ ይበልጡታል፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ቀጥሮ የሚያሠራ አለቃም፣ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳም አልነበራቸውም። ዓሣ አጥማጆች ይመጣሉ፣ ርዝመቱን በእርምጃ ለክተው ያሳያሉ፣ ቀን ይቆርጣሉ፣ ይሄዳሉ። ጣውላውን በእሳትና በውኃ አለስልሶ የማጉበጡ ሥራ የአባቴ ነበር። መገጣጠሚያውን በጥጥ ጠቅጥቆ ሬንጅ መቀባቱ የጋሼ ነበር። በሁለቱ መካከል ብዙ ወሬ አልነበረም። አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው የሚፈልገውን ዕቃ ያቀብለዋል።

እኔ ደግሞ ከዚያ በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ መቆጣጠር እያልሁ እሸመድድ ነበር። ሃንድአውቱ ከእኛ በፊት የነበሩት፣ ከእነሱም በፊት የነበሩት የተማሩበት ነው። የኮፒ ኮፒ ከመሆኑ የተነሣ በግራ በኩል ያሉት ፊደሎች ጠፍተው ዓረፍተ ነገሩን ከመሐሉ ነበር የምንጀምረው። ምሳሌዎቹ ሁሉ አንዳችንም ካላየነው አገር ካለ የመኪና ፋብሪካ የመጡ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፊታችን ቆመው፣ «የማኔጅመንት ተመራቂ የማይገባበት መሥሪያ ቤት የለም። ባንክ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ መንግሥት አለ» አሉን። አጨበጨብን። ሁሉም ቦታ መግባት የሚችል ሰው የትም ቦታ የግድ እንደማይፈለግ የገባኝ ኋላ ነው።

በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ መጻፍ ነበረብን። ልጆቹ አብዛኞቹ ከበፊት ተመራቂዎች ጽሑፍ የባንኩን ስም ቀይረው ይገለብጡ ነበር። አማካሪዬ አንዲት ወጣት መምህርት ነበረች። በአራቱ ዓመት ያስተማረኝ ሰው ማን ነው ብባል የምጠራው እሷን ነው።

«እኔ ጋ ባንክ ይዘሽ እንዳትመጪ» አለችኝ። «በዓይንሽ አይተሽ የምታውቂው ሥራ የለም?»

«አባቴ ጀልባ ይሠራል።»

ወንበሯ ላይ ቀና አለች። «ታዲያ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ!»

ደስ አለኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ቤቴና ትምህርቴ ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነበር። መጠይቁን አዘጋጅቼ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይዤ ከሾላው ሥር ሄድሁ። አባቴ ጣውላ እየላገ ነበር። ጋሼ ከጥላው ሥር ሬንጅ ያሞቃሉ።

«ድርጅታችሁ ራእይ አለው?» ብዬ ጀመርሁ።

«ራእይ ስትዪ?» አለ አባቴ መላጊያውን ሳያቆም።

«ወደፊት የት መድረስ ትፈልጋላችሁ?»

«ይህችን ጀልባ ለረቡዕ ማድረስ።»

ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። «ጻፊለት! ራእያቸው ረቡዕ ነው በዪ።»

እኔም እየሳቅሁ ጻፍሁ። ከዚያ ጥያቄዎቹ ቀጠሉ። ፈቃድ አላችሁ? «ማን ጠይቆን?» ቦታው በማን ስም ነው? «በሾላው ስም ነው» አሉ ጋሼ። ተረፈ ምርቱን የት ታደርጋላችሁ፣ ሰጋቱራውን፣ የሬንጁን ትራፊ?

«ሰጋቱራውን ሴቶች ለማገዶ ይወስዱታል» አለ አባቴ። «የቀረውን ሐይቁ ይወስደዋል።»

እንዳለው ጻፍሁት። አማካሪዬ የሰዎቹን ቃል ሳትለውጪ አስገቢ ብላኝ ነበር።

ጋሼ ከእሳቱ ቀና ብለው ደብተሬን አዩት። «ይህ ወረቀት የት ነው የሚሄድ?»

«ዩኒቨርሲቲ ይቀመጣል፣ ጋሼ።»

«ተቀምጦ ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆንም።»

በዚያው ወራት ለተግባር ልምምድ የተላክሁት የሐይቁን ዳር ጉዳይ ከሚመለከት አንድ ቢሮ ነበር። ሥራዬ ደብዳቤ መመዝገብና ፋይል ማደርደር ነው። የክፍሉ ኃላፊ ትሑት ሰው ነበሩ፤ ተለማማጅ ብለው አይንቁም፣ ሲገቡ ቆመው ሰላም ይሉናል። አንድ ቀን በምን ላይ እየጻፍሽ ነው አሉኝ። ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኛ እዚህ ስንት ዓመት ተቀምጠን አንድም ሰው ያላደረገውን ነው ያደረግሽው» አሉኝ። «ስትጨርሺ አንድ ቅጂ ብታመጪልን እንዴት ደስ ባለን! ስትመረቂም ብቅ በይ። እንዳንቺ ያለ ሰው ያስፈልገናል።»

ማንም አላስገደደኝም። ሌላ ሰው ወሰደብኝ፣ ሰረቀብኝ ማለት አልችልም። ጽሑፉን በሰማያዊ ሽፋን አስጠርዤ፣ በሁለት እጄ ይዤ ቢሮአቸው ድረስ የወሰድሁት እኔ ነኝ። ምዕራፍ አራት «የታዩ ችግሮች» ይላል፤ ችግር ያላገኘ ጥናት ጥናት አይባልም ብለው ስላስተማሩን አንድም ሳላስቀር ዘርዝሬያለሁ። ፈቃድ እንደሌላቸው፣ ቦታው በስማቸው እንዳልሆነ፣ ከውኃው ስንት እርምጃ እንደሚርቁ፣ ትራፊው የት እንደሚሄድ። ምዕራፍ አምስት ምክረ ሐሳቡ ነው። ውኃው ዳር መብራት ያለው መጠለያ ይሠራላቸው፣ ፈቃድ ይሰጣቸው፣ የሬንጅ ማጠራቀሚያ ይዘጋጅላቸው ብያለሁ። ያን ምዕራፍ የጻፍሁት ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቼ፣ አባቴ ዝናብ የማያስገባ ጣሪያ ሥር ሲሠራ እየታየኝ ነው።

የመውጫ ፈተናውን አለፍሁ። በምረቃው ቀን አባቴ ኮት ገዝቶ ለብሶ መጣ፤ እጁ ላይ የነበረውን ሬንጅ በነጭ ጋዝ ፈትጎ ፈትጎ ቆዳው ቀልቶ ነበር። ጋሼም መጡ። ቆቤን አውልቀው ራሳቸው ላይ አድርገው ፎቶ ተነሡ። ያን ፎቶ አሁን አላየውም።

ክረምቱን በሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ስዞር ከረምሁ። «ማኔጅመንት ወይም ተመሳሳይ፣ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት» የሚል ከተለጠፈ ባሕር ዳር ያለ ተመራቂ ሁሉ እዚያ ነው። ለአንድ ቦታ የአንድ ትምህርት ቤት ክፍሎች ሞልተው በረንዳ ላይ ተቀምጠን ተፈትነናል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ከእኔ ሦስት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ነበር። ፈተናውን ገና ሳያየው ጥያቄዎቹን በቃሉ ነገረኝ፤ በተለያየ መሥሪያ ቤት ስንት ጊዜ ፈትነውታል።

መስከረም ላይ ለአባቴና ለጋሼ ከዚያ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ሁለቱም ማንበብ ይከብዳቸዋል፤ በተለይ የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ። አባቴ አስጠራኝና ከሾላው ሥር ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። «በቦታው ላይ በተካሄደ ጥናት እንደተረጋገጠው» ይላል። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ስጀምር አወቅሁት። የራሴ ዓረፍተ ነገር ነበር። «ያለ ፈቃድና ያለ ይዞታ ማረጋገጫ የሚሠሩ መሆናቸው፣ ተረፈ ምርታቸውንም “ሐይቁ ይወስደዋል” በማለት ወደ ውኃው እንደሚለቁ በቃለ መጠይቅ ራሳቸው ማመናቸው።» ነጠላ ሰረዙ እንኳ እኔ ያኖርሁት ቦታ ላይ ነው። በመጨረሻ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቦታውን እንዲለቁ ይላል። ስለ መጠለያው፣ ስለ ፈቃዱ አንድም ቃል የለበትም።

ጋሼ ተነሡ። «ማን ነው ይህን የነገራቸው? አንድ የቢሮ ሰው እዚህ መጥቶ ቆሞ አይተን እናውቃለን? ይህን የጻፈ ሰው እጁ ይቆረጥ! የልፋቱን ፍሬ አላህ አያሳየው!»

የእኔ ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ የቀረ ነበር የሚመስላቸው። ወረቀቱ በእጄ ላይ ነበር። አባቴ አየኝ። ብዙ አላየኝም፤ ወዲያው ወደ ሐይቁ ዞረ።

«ይተዉት» አላቸው። «የሚጽፍ ሰው የታዘዘውን ነው የሚጽፍ።»

ወደ ቤት ስንሄድ ከፊቴ ቀድሞ ነበር የሚራመደው። «አባባ» አልሁት።

«አውቀዋለሁ» አለ ሳይዞር። «ሐይቁ ይወስደዋል ያልሁት እኔ ነኝ። ያልሁትን ነው የጻፍሽ።»

«እንዲህ ይሆናል ብዬ…»

«ለእሳቸው እንዳትነግሪ። በምንም ቢሆን። ዕድሜዬን በሙሉ ከእሳቸው ጋር ነው የሠራሁት። ቦታውን ማጣቴ ይበቃኛል።»

በማግስቱ ቢሮው ሄድሁ። ኃላፊው እንደ ድሮው ቆመው ተቀበሉኝ።

«ጥናትሽ እንዴት እንደጠቀመን አልነግርሽም!» አሉኝ።

«ምክረ ሐሳቡስ?» አልኋቸው። «ምዕራፍ አምስትን አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው። ግን እሱ በጀት ይፈልጋል፣ የእኔ እህት።»

«አባቴ ነው እኮ ያ ሰው። መግቢያው ላይ ጽፌዋለሁ።»

ለጥቂት ጊዜ ጠረጴዛቸውን ተመለከቱ። ከልባቸው ያዘኑ መሰለኝ፤ ያ ነው ይበልጥ ያበሸቀኝ። «ሕግ ሁሉንም እኩል ነው የሚያይ» አሉ። «አንቺ ግን ማስታወቂያ ሲወጣ ተወዳደሪ።»

ያ ማስታወቂያ በእርግጥ ወጣ። ሄጄ ተፈተንሁ። ለምን እንደሄድሁ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። ያን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ከእነሱ ወንበር ላይ ለመቀመጥ መፈለግ ምን ይባላል? ሥራ የለኝም ነበር፣ መልሱ እሱ ነው። ውጤቱ ሲለጠፍ ሁለተኛ ወጥቼ ከስሜ አጠገብ «ተጠባባቂ» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። አንደኛ የወጣችው ልጅ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። እኔም እስከ ዛሬ ተጠባባቂ ነኝ።

ሁለቱ ሰዎች የመጨረሻዋን ጀልባ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጨርሰው ውኃ ላይ አወረዷት። ጋሼ ዕቃቸውን ይዘው እኅታቸው ወዳሉበት፣ ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ቁንዝላ ሄዱ፤ እዚያ ዳሩን የሚጠይቅ የለም። አባቴን ና ብለውት ነበር። እናቴ ታምማ ክትትል ላይ ስለነበረች ከባሕር ዳር መራቅ አልቻለም። ከከተማው ዳር፣ ዘንዘልማ ካለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጠረ። እዚያ ትናንት እርሻ የነበረው ሁሉ ቤት እየተሠራበት ነው፤ ቤት የሚሠራ ሁሉ በር ይፈልጋል። በስተርጅናው በጠዋት ተነሥቶ ሚኒባስ ይጋፋል፣ ልጁ ከሚሆን አለቃ ፊት ፈርሞ ይገባል። አንድ ቀን እራት ላይ፣ «በር ቀጥ ያለ ነገር ነው። ጣውላ ማጉበጥ ሊጠፋኝ ነው» አለ። እናቴ ሌላ ወሬ አነሣች።

የሾላው ቦታ በቆርቆሮ ታጠረ። ምን እንደሚሠራበት የሚያውቅ አላገኘሁም። እስካሁን ታጥሮ ነው ያለው።

እኔ አሁን የአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሰው ይመጣል፣ ቁጥሩን ይነግረኛል፣ ካርዱን ከመደርደሪያው አውጥቼ ለነርሷ አቀብላለሁ። ለዚህ ሥራ ዲግሪ አይጠየቅም፤ ከእኔ ጋር ያለችው ልጅ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠች ናት፣ ከእኔም ትፈጥናለች። ከክፍላችን ልጆች መካከል ደህና ሆነ የምለው አንዱ ነው፤ እሱም ቆጋ መስኖ ላይ ከአጎቱ ጋር ድንች ያመርታል። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ተገናኝተን፣ «ከተማርነው ምን ጠቀመህ?» አልሁት። ትንሽ አሰበና፣ «ባልማር ኖሮ አራት ዓመት ቀድሜ እጀምር ነበር» አለኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። ለመሳቅ ሞከርሁ።

ያለፈው ዒድ ሦስተኛ ቀን ላይ ከአባቴ ጋር በጀልባ ቁንዝላ ሄድን። ጋሼ አርጅተዋል፤ ግን ውኃው ዳር አንድ ጀልባ ጀምረው ነበር። አባቴ ሰላምታውን እንኳ በደንብ ሳይጨርስ ኮቱን አውልቆ ድንጋይ ላይ አኖረና ጣውላውን በእጁ ይዳስስ ጀመር። ከዚያ በፊት የነበረውን ሁለት ዓመት ምንም እንዳልነበረ አደረጉት። አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው ያቀብለዋል። አባቴ ሲያፏጭ ሰማሁ፤ አፏጭቶ አያውቅም።

አባቴ ለዙሁር ወደ መስጊድ ሲሄድ ጋሼ በቤታቸው ለመስገድ ቆዩ። የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ አቀረቡልኝና፣ «ብዪ እንጂ፣ አንቺ የተማርሽ! ሥራ አገኘሽ?» አሉኝ። ደግነታቸውን መቻል አቃተኝ። ያን ቀን ይቆረጥ ብለው በረገሙት እጄ ዓሣቸውን ልበላ ነው።

«ጋሼ» አልኋቸው፣ «ያን ደብዳቤ ያመጣውን ጥናት የጻፍሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን በደብተር የጠየቅኋችሁ። ለቢሮው የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ክፉ አስቤ አልነበረም።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ቆሻሻ ግን አልነበረበትም።

«አባትሽ ያውቃል?»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ስለ እኔ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። መዋሸት እችል ነበር።

«ያውቃል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን። ደብዳቤውን ሳነብ።»

«እኔ ስራገም አጠገቤ ቆሞ?» ድምፃቸው አልጨመረም። «የጻፈችው ልጁ መሆኗን እያወቀ? አንቺስ ልጅ ነሽ፤ ልጅ ይሳሳታል። እሱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ያወራኛል።»

«እርስዎን እንዳያጣ ፈርቶ ነው።»

«ይሁና» አሉ። ተነሥተው ሊሰግዱ ገቡ።

አባቴ ሲመለስ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ጣውላው ሄደ። ጋሼ ከቤት ወጡና መሣሪያቸውን አንድ በአንድ ወደ ከረጢት ይከቱ ጀመር። «ለዛሬ ይበቃል» አሉት። «ጀልባዋ እንዳታመልጣችሁ።» ገና ሁለት ሰዓት ይቀረን ነበር። አባቴ ከረጢቱን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ኮቱን አነሣ።

ውኃው ላይ ብዙ ከሄድን በኋላ፣ «ነገርሻቸው?» አለኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

አልተቆጣኝም፣ እስካሁንም ያን ነገር አላነሣብኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሼ አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውሉለት ነበር፤ ያን አርብ አልደወሉም፣ በሚቀጥለውም አልደወሉም። በሦስተኛው አባቴ ራሱ ደወለ። ከመኝታ ቤት ሆኜ ስልኩ እዚያ ማዶ ሲጠራ እሰማ ነበር፤ ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። እንደገና ደወለ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ለእናቴ፣ «ቁንዝላ ኔትወርክ የለም መሰለኝ» አላት።